ቀን የምትቆጥር ልጅ
ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወልቂጤ ይገባል። በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ደግሞ ቡታጅራ ይደርሳል። ሁለቱ ከተሞች ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ቆመዋል፤ ዘቢዳር ብቻውን ቁመቱ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። እስከ 2015 ዓ.ም ሁለቱም በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ። በዚያ ዓመት ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል።

የዚህ አገር ሰው በከተማ የሚታወቀው በሥራ ወዳድነቱና በነጋዴነቱ ነው። ስለ ቆጮውና ስለ ክትፎው፣ ስለ መስቀል በዓሉም ብዙ ተጽፏል። የዚህ ዓምድ አንባቢያን እናቶችና ሠራተኞች እንደመሆናችሁ ግን ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ገበያው አይደለም። ወደነዚህ ከተሞች የሄድነው የታመሙ ልጆችና የሚያስታምሙ እናቶች እንዴት እንደሚውሉ ለማየት ነበር። ያገኘነው ካሰብነው ይለያል፤ እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው አጣጥ ሆስፒታልን ያገኛል። ሆስፒታሉን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የሕክምና ተልእኮ እህቶች የሚባሉ የካቶሊክ ሴት መነኮሳት ናቸው። አጣጥ የሚታወቅበት አንድ ነገር አለው። በዚያው በ1960ዎቹ ውስጥ፣ አስጊ እርግዝና ያለባቸው የገጠር ሴቶች የመውለጃ ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቀመጡበት ማረፊያ በግቢው ተሠራ። ሴቲቱ ቀኗን ቆጥራ ትመጣለች፤ ከመሰሎቿ ጋር እያበሰለች፣ ቡና እያፈላች ምጧን ትጠብቃለች። ምጥ ሲይዛት ሐኪሙ እዚያው ነው።

ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ ምን ያህል ነፍስ እንዳዳነ በቁጥር የታወቀ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 2008 ድረስ በሆስፒታሉ የተገላገሉ 24,148 እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ከማረፊያው ከገቡት መካከል ከሺህ ሕፃናት ሞተው የተወለዱት 18 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከሺህ 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ በቃሬዛ የሚደርሱት ምጥ ከጠና በኋላ ነውና ልዩነቱ የማረፊያው ብቻ ነው አይባልም። ሆኖም ቀን ቆጥሮ መምጣት ምን እንደሚያወጣ ይህ ቁጥር በቂ ምስክር ነው። እናቶች ሆይ፣ ይህችን ቀን የመቁጠር ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከወልቂጤ በኩል ወደ ቡታጅራ ለመሻገር ተራራውን መውጣት ግድ ነው። ሚኒባሱ በእንሰት እርሻ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። በየመንደሩ ጀፎሮ የሚባለው ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር ጎዳና ይታያል። በጀፎሮ ሽማግሌ ይመክርበታል፤ ለቅሶም ሠርግም ይውልበታል፤ ልጅ ይሮጥበታል። ብርዱ እየጨመረ፣ ጉሙ እየወፈረ ይሄድና ከአፋፉ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚያይ ሞቅ ያለ ሜዳ ይገጥማል። ቡታጅራ የተቆረቆረችው በዚህ ነው። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ተቀራርበው፣ አዛኑና ቅዳሴው እየተፈራረቁ የሚሰሙባት ከተማ ናት።

ቡታጅራ በሕክምና ሰዎች ዘንድ ስሟ ከአገር አልፎ የታወቀ ነው። በ1979 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። ከዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና ከአንድ የከተማ ቀበሌ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ቤት ለቤት እየተዞረ ይጻፍ ነበር። የመጀመሪያው ዓላማ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳንባ ምችና በመሰሉት የመተንፈሻ በሽታዎች ለምን እንደሚሞቱ ማወቅ ነበር። ከዚያ በፊት የገጠር ሕፃን ሲሞት የሚያውቀው እናቱና መንደሩ ብቻ ነበር። ተቆጥሮ ሲጻፍ ግን ሞቱ ምክንያት እንዳለው፣ ምክንያቱም መከላከያ እንዳለው ታየ። መቁጠር ማለት ለአንድ ልጅ ነፍስ ዋጋ መስጠት ማለት መሆኑን ቡታጅራ ቀድማ አውቃለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በከተማዋ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በመርፌ ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች የ12 ዓመት ልጅ አየን። በእጇ ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ ደብተር ይዛለች። ነርሷን «ይህች ልጅ ምን ትሠራለች?» ብለን ብንጠይቅ፣ «እሷማ የክፍላችን ጸሐፊ ናት» ብላ ሳቀች። ኋላ ግን ሳቋን ትታ የልጅቱን ታሪክ ነገረችን። እናቷም የቀረውን ጨመሩልን። ስማቸውን አንጽፍም፤ ልጅቱ ገና ልጅ ናትና።

የልጅቱ በሽታ የልብ ነው። እናቷ ቆጮ ነጋዴ ናቸው። እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦

«ሰባት ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን ታመመች። ትኩሳት ነበራት። ብርድ ነው፣ ያልፋል አልን። ደግሞ ሲመላለስባት እንጥሏ ወርዷል ተባለና አስቆረጥናት። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ክርኗን አመማት። ወድቃ ነው ብዬ አሸኋት። እሱም ተዋት። ደኅና ሆነች ብዬ አላህን አመሰገንኩ። በዓመቱ ገደማ ነው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ማረፍ የጀመረችው። ሰነፈች ብዬ እቆጣት ነበር። ልቧ መሆኑን ያወቅነው አዲስ አበባ ከወሰድናት በኋላ ነው።»

ሐኪሞቹ ሁለት ነገር ነገሯቸው። አንደኛው፣ የልቧ በር ተበላሽቷልና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋትና ተራ መጠበቅ እንዳለባት ነው። ሁለተኛው፣ በሽታው ዳግም እንዳያገረሽና ልቧን ይበልጥ እንዳይጎዳው በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ሳታቋርጥ መውሰድ እንዳለባት ነው። መርፌው ያማል። አንዳንድ ልጅ ጤና ጣቢያውን ገና ከሩቅ ሲያይ ያለቅሳል።

ደብተሩ የመጣው ከዚህ መርፌ ነው። ልጅቱ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ አንድ ነገር አስተዋለች። ወር በገባ በዚያው ቀን የሚመጡ እናቶች አሉ። አንዷ በየወሩ የሚካኤል ዕለት ትመጣለች፤ ሌላዋ የጨረቃን ወር ትቆጥራለች። የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው፤ የታዘዘው 28 ነው። በየወሩ ሁለት ቀን ይዘገያል። ሁለት ቀን ምን አላት ይባል ይሆናል። ልጅቱ በደብተሯ ደምራ ለነርሷ አሳየቻት፤ በየ28 ቀኑ የሚወጋ ልጅ በዓመት 13 መርፌ ያገኛል፤ በወር በወሩ የሚመጣው 12 ብቻ። አንድ ሙሉ መርፌ ይጎድለዋል። በዓል፣ ለቅሶና የአዝመራ ሥራ የሚያስቀረውን ስንጨምርበት ጉድለቱ ይበዛል።

ታዲያ ልጅቱ ያገኘችው መላ ምን ነበር? 28 ቀን ማለት አራት ሳምንት ነው። አራት ሳምንት ማለት አራት ገበያ ነው። «አራተኛው ገበያ ባለፈ ማግስት ና» ብሎ መንገር ፊደል ለማያውቅ ሰውም ይገባል። ደብተሯን ስትገልጥልን 14 ስም ቆጠርን። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት አራት አራት ጭረት ተሰምሯል። ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ጭረት ይሰረዛል። አራተኛው ሲሰረዝ፣ ወደዚያ መንደር ለምትመለስ ገበያተኛ መልእክት ትሰጣለች፤ «ለእገሌ እናት ነገ ነው በይልኝ» ትላለች። እናቷ ገበያ የሚውሉ ስለሆኑ መልእክተኛ አይጠፋም። እሷ ዳገት መውጣት አትችልም፤ መልእክቷ ግን ይወጣል።

በሄድንበት ቀን አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ መርፌ ፈርቶ የእናቱን ነጠላ ይዞ ይጮህ ነበር። በአንገቱ ክር አስሯል። ልጅቱ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና፣ «እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፤ አንተ በስመ አብ በል። አብረን እንበልና እጄን ጭመቀኝ» አለችው። አሉ። ልጁ አልቅሷል፤ ግን ገባ። ከወጣ በኋላ እጇን ስታራግፍ አይተን አመማት ወይ ብለን ጠየቅናት። «ኃይለኛ ነው» ብላ ሳቀች።

«አንቺስ አትፈሪም?» አልናት።

«እፈራለሁ፣ እትዬ» አለች። «ግን አላህ ያየኛል። እናቴም ታየኛለች። እሱ ትንሽ ነው፤ የሚያየው እንዳለ ገና አያውቅም።»

ሁሉም እናት በምስጋና ይቀበላታል ማለት አይደለም። አንዲት ሴት በገበያ መካከል፣ «ልጄን በሽተኛ ብለሽ ስሙን ጻፍሽ፤ ነገ ማን ያገባዋል?» ብለው ተቆጥተዋታል። ልጅቱ ስሙን አጠፋችና በቦታው የሙዝ ሥዕል ሣለች፤ ልጁ ሙዝ ይወዳልና። ጭረቱን ግን መሰረዝ አልተወችም። በአራተኛው ገበያ ሴትዮዋ በአጠገቧ ሲያልፉ ዝም ብላ አራት ጣት አሳየቻቸው። በማግስቱ መጡ።

ከሁሉ የከበደንን እናቷ የነገሩን ልጅቱ ውሃ ለመጠጣት ስትሄድ ነው። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት፣ ሦስት ትራስ ከጀርባዋ ተደርጎላት ተቀምጣ ሳለ፣ «እማ፣ መብራት አብሪልኝ፤ የዛሬውን ገበያ አልሰረዝኩም» አለቻቸው። «ተቆጣኋት» አሉ እናትየው። «‹አንቺ እንዲህ ሆነሽ ስለ ሰው ልጅ ታስቢያለሽ?› አልኳት። ‹እኔ ታምሜያለሁና ሰው ያየኛል፤ እነሱ ግን ደኅና ይመስላሉና ማንም አያያቸውም› አለችኝ። ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ። ተመልሼም መብራቱን አበራሁላት።»

የልጅቱ አባባል የሕክምናውን ነገር በትክክል የያዘ ነው። ይህ በሽታ የሚጎዳው ልጆች ደኅና በሚመስሉበት ጊዜ ነው። የሚጀምረው እንደ ዋዛ፣ በተሕዋስያን ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን፣ በጠባብ ቤት ብዙ ሆነው የሚያድሩትን ልጆች ነው። የጉሮሮው ሕመም ካለፈ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም ይመጣል። ሰውነት ተሕዋስያኑን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። የጉልበቱ እብጠት ይጠፋል፤ በልብ በሮች ላይ የተተወው ጠባሳ ግን ይቀራል። በተመላለሰ ቁጥርም ጠባሳው እየከፋ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የሚያቆመው ውድ መድኃኒት አይደለም። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ፔኒሲሊን በሽታው ወደ ልብ እንዳይሻገር ይከላከላል። ልጁ ተሻለው ብሎ ክኒኑን በመካከል ማቆም ግን መድኃኒቱን እንዳልወሰደ ያስቆጥራል። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስንና ሌላ ቁስለትን ያመጣል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ልቡ ከተጎዳ በኋላ ያለው መንገድ ረዥም ነው። በአገራችን የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲያቋቁሙ፣ ብዙ ልጆች ቀዶ ሕክምና የሚያገኙት ወደ ውጭ አገር ከተላኩ ብቻ ነበር። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፍቶ ሕክምናው በአገር ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ፣ ወረፋውም ረዥም ነው። የቡታጅራዋ ልጅም ከዚያ ወረፋ ውስጥ ናት። በነጻ ሕክምና ተብሎ እንኳ የመጓጓዣ፣ የማረፊያና ከገበያ የመቅረት ዋጋ ለአንዲት ቆጮ ነጋዴ ቀላል አይደለም።

እናትየውን ስለ እምነታቸው ጠየቅናቸው። «ዱዓ እናደርጋለን። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ እሷም ለልጄ ትሳላለች። መርፌው ቀን ሲደርስ ግን ዱዓ ላይ ነኝ ብዬ አልቀርም። አላህ ሐኪሙንም ፈጥሯል» አሉን። በአገራችን ጠበል ለመጠመቅ ወይም ዱዓ ለማስደረግ ሲባል የልጅ መድኃኒት የሚቋረጥበት ጊዜ አለና፣ የእኚህ እናት መልስ ለብዙዎቻችን ትምህርት ይሆናል። እምነትና መርፌ በአንድ ቤት ሲስማሙ አየን።

የታመመ ልጅ ለሌሎች መንገድ ሲከፍት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈው ሕፃን ማቲዎስ ወንዱ ይታወሳል። ወላጆቹ ኀዘናቸውን በቤታቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ በ1996 ዓ.ም በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ማኅበሩ ስለ ካንሰር ሕዝብ ሲያስተምርና ሕሙማንን ሲረዳ ቆይቷል። ልጁ ራሱ ምንም ሳያውቅ ስሙ የሌሎች መጠጊያ ሆነ። የቡታጅራዋ ልጅ ደግሞ በሕይወት ሳለች፣ በገዛ እጇ፣ በአንድ ደብተር ይህንኑ ታደርጋለች።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። የታመመን ልጅ ደግነት ሰምቶ «አቤት ልጅ! መልአክ ናት!» ብሎ እንባ መጥረግ ቀላል ነው። መልአክ ያልነው ልጅ ደግሞ ሥራውን ብቻውን እንዲሠራ እንተወዋለን። የ14 ልጆችን ቀን መቁጠር የአንዲት ልበ ደካማ ተማሪ ሥራ መሆን አልነበረበትም፤ የቀበሌው፣ የትምህርት ቤቱ፣ የዕድሩ፣ የእኛ የአዋቂዎቹ ሥራ ነበር። ነርሷም ይህ ሳይገባት አልቀረም፤ አሁን የደብተሩን ቀኖች በክፍሉ መዝገብ እየገለበጠች ትይዛለች። ልጅቱ ራሷ ግን ቀደም ብላ አስባበታለች። የጎረቤቷን የአሥር ዓመት ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ ጭረት መሰረዝ አስተምራታለች። «ለምን?» ስንላት፣ «አዲስ አበባ ከተጠራሁ ብዙ ገበያ እቀራለሁ» አለችን። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

በጉራጌ አንትሮሽት የሚባል ለእናቶች የሚከበር በዓል አለ። ልጆች እናታቸውን የሚያከብሩበት ቀን ነው። መልካም ባህል ነው። እናት የልጇን ጤና የምትቆጥርበት ቀን ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ውድ እናቶች፣ በፋብሪካም በቢሮም የምትውሉ ሠራተኞች፣ ልጃችሁ ጉሮሮዬን አመመኝ ሲል ማርና ዝንጅብል ሰጥታችሁ ወደ ሥራ አትሩጡ፤ ትኩሳት ካለው፣ ሲውጥ ካመመው፣ አንገቱ ሥር ካበጠ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው አስጨርሱት። ጉልበቱ ወይም ክርኑ ያለ ምክንያት ካበጠ፣ ወድቆ ነው ብላችሁ በማሸት አትለፉት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያርፍ ልጅ ሰነፍ ነው ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ልቡ ይመርመር። በቤታችሁ፣ ወይም በሠራተኛችሁ ቤት፣ ወይም በጎረቤታችሁ በየ28 ቀኑ መርፌ የሚወስድ ልጅ ካለ፣ ቀኑን እናንተም ጻፉት። ወር በገባ በዚያው ዕለት አትበሉ። አራት ሳምንት ቁጠሩ፤ ማክሰኞ ከተወጋ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ከተወጋ ሐሙስ ነው። መቁጠሪያ ለሌላት እናት ደግሞ አራት ገበያ ብላችሁ ንገሯት፤ ይገባታል።